ያልተረገጠው ስምንት ኪሎ ሜትር

«እማማ፣ ከርበላ በዚያ በኩል ነው!»

ሰብሪያ ቀና ብላ አላየችውም። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ያላት አሥራ አንደኛው ሰው ነው። ጥቁር ባንዲራ በትከሻው ያደረገ ጎረምሳ ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን ይሄዳል። ለኢማም ሑሴን የአርባ ቀን መታሰቢያ መንገዱን የሞላው ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ይሄዳል። እሷ ብቻ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዛ ወደ ደቡብ ትመጣለች።

«ተዋት» አለው ሌላው። «ድስት ጥዳ ረስታ ይሆናል።»

«ድስቱን ባንተ ጭንቅላት ነው የምከድነው» አለች ሰብሪያ ሳትቆም።

ጎረምሶቹ ሳቁ። አንዱ የታሸገ ውሃ እጇ ላይ አስቀምጦላት አለፈ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሙቀቱ ገና አልበረታም፤ እስከ አራት ሰዓት ግን አስፋልቱ በጫማ ሶል ውስጥ እንደሚሰማ ታውቃለች። ስምንተኛ ቀኗ ነው። በደቡብ ኢራቅ ካለችው ከሱቅ አሹዩኽ ከተማ፣ ከቤቷ ደጃፍ ተነሥታ፣ ናስሪያን፣ ሰማዋን፣ ሩመይታን አልፋለች። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ጠቁሯል። የግራ ተረከዟ ውኃ ቋጥሮ፣ በመርፌና በክር ተበስቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ቋጥሯል። ሁለት ካልሲ ደርባ ከልኳ አንድ ቁጥር የሚበልጥ የወንድ ሸበጥ አድርጋለች። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ስፖርት ጫማ አድርገው ሲወጡ አይታቸው የነበሩ ሴቶች አሁን ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት።

ሰብሪያ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገበያ ላይ የጎሽ ወተት ስልባቦት ሸጣለች። የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ሥራዋም መቀመጥ ነበር። ይህን ያህል መንገድ በእግሯ ሄዳ አታውቅም። ስለቱም የእሷ አይደለም። የባሏ የመንሺድ ነው።

መንሺድ ሠላሳ ዓመት ከበስራ ባግዳድ በከባድ መኪና ሲሚንቶ ያመላለሰ ሾፌር ነው። የልጅ ልጃቸው ነርጂስ ልቧ ላይ ቀዳዳ ኖሯት ተወልዳ ለቀዶ ሕክምና የገባች ዕለት፣ በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ተሳለ። ልጅቷ ብትተርፍ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ኢማም ሑሴን ደጃፍ በእግሩ ሊሄድ፣ አንዲት እርምጃ እንኳ በመኪና ላይጨምር። ልጅቷ ተረፈች። በዚያው ክረምት የስኳር በሽታው የመንሺድን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ወሰደው።

ሸኹ ጋ ሄዶ ጠየቀ። ሸኹ «የማይችል ሰው ስለቱ ይወርድለታል» አለው። መንሺድ ቤቱ ተመልሶ «ሸኹ ነው ያወረደልኝ፤ አላህ አላወረደልኝም» አለ። ከዚያ በኋላ ሌሊት መተኛት አቆመ። ሐኪም የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠው፤ አልሠራም። አንድ ቀን ሰብሪያ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እኔ እሄድልሃለሁ፤ ተኛ» አለችው። በዚያ ቀን ተኛ።

እንግዲህ የተሸከመችው ይህን ነው። መንገዱ ሙሉ ካልሆነ መንሺድ አይተኛም።

ትናንት ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የጡብ መተኮሻ ምድጃዎች ጭስ ማውጫዎች ከፊት ለፊት በሩቁ እየታዩ፣ አንዲት ደረቅ ቦይ ላይ የተሠራ የሲሚንቶ ድልድይ አጠገብ ደረሱ። እሷና የባሏ እህት ቡሽራ ነበሩ። ድልድዩ ላይ አንድ ሰው እጆቹን ዘርግቶ መንገድ ዘግቶ ነበር።

«በሑሴን ይዣችኋለሁ! ቤቴን አልፋችሁ አትሄዱም!»

ሠላሳዎቹን ያለፈ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ከልመና ብዛት የሰለለ ሰው ነበር። ጋኒም ነው ስሙ። በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ ማግኘት ሽሚያ ነው። ከጋኒም ሃያ ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ ሰው ቆሞ ተመሳሳይ ልመና ይለምን ነበር፤ ያኛው «የእኔ ቤት ማቀዝቀዣ አለው!» ይላል፤ ጋኒም «የእሱ ማቀዝቀዣ ውሃ ያንጠባጥባል! እናቴ እግር ታሻለች!» ይላል። ቡሽራ እግር ማሸት የሚለውን ስትሰማ የጋኒም መኪና ላይ ወጣች።

ቤቱ ከመንገዱ አራት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው። የጋኒም እናት እግራቸውን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበች፤ ሩዝ፣ ሥጋ፣ የባሚያ መረቅ አቀረበች፤ ሰብሪያ ሁለት ጉርሻ በልታ ስታቆም ተቆጣች። ሰብሪያ ግን ተምራለች፤ መንገደኛን የሚጥለው ረሃብ ሳይሆን ደግ ሰው የሚያበላው ሦስተኛው ሳህን ነው። በስድስተኛው ቀን ቡሽራ ግማሽ ቀን በመጸዳጃ ሰልፍ ላይ ነው ያሳለፈችው።

ደንቡ የታወቀ ነው። ተሳላሚን ከመንገድ አንሥቶ ቤቱ ያሳደረ ሰው፣ ጠዋት ካነሣበት ቦታ ይመልሰዋል፤ ከዚያች ቦታ አንድ ክንድ ሳይጨምር። ሰብሪያ ከመተኛቷ በፊት ለጋኒም ነገረችው፤ «ድልድዩ ላይ ልጄ፤ ስለት ነው።» እሱም «እሺ፣ በዓይኔ!» አላት።

ጋኒም ግን እናቱ የሰብሪያን እግር ስታጥብ በበር በኩል አይቶ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ፣ በጨለማው፣ በእርሻ መሃል በሚሄደው መንገድ ወሰዳቸውና ከምድጃዎቹ ወዲያ ማዶ አወረዳቸው። ስምንት ኪሎ ሜትር ሸለማት። እንቅልፏ ስላልለቀቃት ሰብሪያ ቦታውን አላየችም። መርቃው ተለያዩ።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄዱ በኋላ መንሺድ ደወለ። በየጠዋቱ ይደውላል። መንገዱን ከመዳፉ በላይ ያውቀዋል፤ ቁጭ ብሎ ነው አብሯት የሚሄደው።

«እስካሁን ምድጃዎቹን ማለፍ አለብሽ» አላት። «እዚህ የሰሜን ነፋስ ነው። ጭሱ ዓይንሽን አላቃጠለሽም? እኔን መስኮት ዘግቼ እንኳ ያስለኝ ነበር።»

ሰብሪያ ቆመች። ልብሷን አሸተተች። ሳሙና ሳሙና ይላል፤ የጋኒም እናት ማታ አጥባላት ነበር። ዞር ብላ አየች። ጭስ ማውጫዎቹ ከኋላዋ ነበሩ።

«አቡ ዋሚድ» አለችው፣ በልጃቸው ስም ነው የምትጠራው፤ «ቆየኝ፣ ኋላ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው።

ቡሽራ ወዲያው ገባት። ገባትና እንዳልገባት ለመምሰል ሞከረች። ከዚያ የነርጂስን የሕፃን ጋሪ፣ ጓዛቸውን የሚገፉበትን፣ ዳር አስይዛ ላዩ ላይ ተደገፈች።

«ማን ያያል?» አለች።

«እሱ ያውቃል።»

«አላህ? አላህ ከመንሺድ ይሻላል፤ ይቅር ይላል።»

«መንሺድን ነው ያልኩሽ። ድምፄን ሰምቶ ያውቃል። አርባ ዓመት ዋሽቼው አንድም ቀን አላመነኝም።»

«ሂጂ እንግዲህ» አለች ቡሽራ። «እኔ ወንድሜን እወዳለሁ፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ግን አልወደውም። እዚያ ሻይ ቤቱ ድንኳን ውስጥ እግሬን ነክሬ እጠብቅሻለሁ። ከሞትሽ ጋሪውን እኔ እወስደዋለሁ።»

ወደ ኋላ በመኪና መሄድ ስለቱን አይነካም። ስለቱ ወደፊት ነው። ይህን ሰብሪያ መጀመሪያውኑ አስባዋለች። አስፋልቱን ተሻግራ በወዲያኛው መስመር ቆመች። ከከርበላ ቶሎ ደርሰው የሚመለሱት አውቶቡሶች ጢም ብለው ነው የሚያልፉት። አንድ ፒክአፕ ቆመ። ሾፌሩ ፂሙን ቀለም የተቀባ ሰውዬ ነው።

«ወዴት ነው፣ ሐጂያ?»

«ወደ ኋላ። ከምድጃዎቹ ወዲያ ያለው ድልድይ ጋ።»

«ምን ጠፍቶብሽ?»

«መንገድ።»

ይህን ማለቷ ስሕተት ነበር። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያት፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ብቻዋን ናት። በርኅራኄ «ግቢ እናቴ፣ ግቢ» አላት። ገባች። መቶ ሜትር ሄደና በመሃል መለያው ክፍተት ዞሮ ወደ ሰሜን ይነዳ ጀመር።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ትንሽ ዕረፍት ታደርጊያለሽ፣ ሐጂያ። ሙቀት ነው። እናቴንም እንዲህ አድርጓት ነበር፤ እኔን በአጎቴ ስም ትጠራኝ ነበር።»

ብትለምን አልሰማትም፤ ብትቆጣ ይበልጥ አዘነላት። የሕክምና ድንኳን በር ላይ አወረዳትና ለነርሷ «ጠፍታ ወደ ደቡብ ልሂድ ትላለች፤ አትልቀቋት» ብሎ፣ የሰብሪያን ራስ ስሞ ሄደ።

ነርሷ ቀጠን ያለች፣ ሌሊቱን ያልተኛች ሴት ናት። የደም ግፊቷን ለካች።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ከርበላ በየት በኩል ነው?»

ሰብሪያ ወደ ሰሜን ጠቆመች።

«ታዲያ ለምን ወደ ደቡብ ትሄጃለሽ?»

ነገረቻት። ነርሷ ጨርሳ ሰማች፤ አልሳቀችም፤ ሰብሪያን የግራ ሸበጧን አስወለቀቻት።

«ያሳደረሽ ሰው ደግ አስቦልሽ ነው» አለች ፋሻውን እየፈታች።

«በዚህ መንገድ ላይ ክፉ ሰው አልነካኝም» አለች ሰብሪያ። «የገደሉኝ ደጎቹ ናቸው።»

ነርሷ ቁስሉን አጸዳች፣ በጣቶቿ መሃል ቫዝሊን ቀባች፣ ካልሲውን ገልብጣ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ አለበሰቻት። «እግርሽን የሚበላው ስፌቱ ነው» አለቻት። ስምንት ቀን ሙሉ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ከዚያም «በሰባት ሰዓት ስንት ሰው በቃሬዛ እንደሚመጣልኝ ብታዪ አትወጪም ነበር» አለችና ለቀቀቻት።

ሰብሪያ ከዚያ በኋላ መኪና አላስቆመችም። ወደ ኋላ የምትሄድን ሴት የሚያምን ሰው እንደሌለ ገብቷታል። ፒክአፑ ካሳፈራት ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተወስዳ ነበርና እሱንም ጨምራ መራመድ ጀመረች።

ከሰው ጎርፍ ጋር መጋጨት ራሱ አንድ ሥራ ነው። አብሮ ሲሄዱ ሕዝቡ ይሸከማል፤ ሰው የሚያወራው፣ የድምፅ ማጉያው ሙሾ፣ የፊተኛው ሰው ተረከዝ፣ ሁሉም ይጎትታል። ተቃራኒ ሲሆን እያንዳንዱ ፊት ይመጣል። እያንዳንዱ ፊት ይጠይቃል። ቴምር በሰሊጥ ቅቤ የያዙ ሰዎች መንገድ ይዘጉባታል፤ አንዱ ሽቶ ይረጭባታል፤ አንዱ ጉልበቱን አጥፎ ጫማዋን ሊጠርግላት ይታገላል። «ልጄ፣ ልለፍ» ትላለች። «ብቻ አንዴ!» ይላል። ታስጠርጋለች። ትሄዳለች።

ድልድዩ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀራት አንድ መኪና አቧራ እያስነሣ ከእርሻው መንገድ ወጥቶ አጠገቧ ተገተረ። ጋኒም ነው። ቡሽራ ሻይ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ዝም አላለችም፤ ለሻይ ቀጂው ነግራ፣ ሻይ ቀጂው ለዘመዱ ደውሎ፣ ዘመዱ ለጋኒም እናት ደውሏል። ጋኒም ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞታል፤ የእናቱ ድምፅ ግን ውጭ ድረስ ይሰማል።

«እማማ» አለ። «ስለ እግርዎ አዝኜ ነው። በነቢዩ!»

«እንግዳህ እግሬ ነው እኔ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን አልኩህ?»

«ድልድዩ ላይ።»

«ታዲያ?»

ከስልኩ ውስጥ እናቱ «በጀርባህ ተሸከማት! አንተ አህያ፣ ተሸክመሃት ትሄዳለህ!» እያለች ትጮኻለች።

«ንገራት፣ እሱም መጓጓዣ ነው» አለች ሰብሪያ። «አይቆጠርም።»

እስከ ድልድዩ በመኪናው ወሰዳት። ሰብሪያ ወርዳ ትናንት የቆመችበትን ቦታ ፈለገች፤ የተሰበረ የድልድይ አጥር ነበረ፣ ቡሽራ የጣለችው የብርቱካን ልጣጭ ደርቆ አለ። ለእርግጠኝነት ከልጣጩ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ወደ ሰሜን ዞረች።

ስትዞር ጋኒም መኪናውን ቆልፎ ከጎኗ ቆሟል።

«ምን ሆንክ?»

«እሄዳለሁ።»

«ለምን?»

«እናቴ ቤት እንዳትገባ ብላኛለች» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባትልም እሄድ ነበር» አለ።

ሄዱ። አራት ሰዓት አልፎ አስፋልቱ ማቃጠል ጀምሯል። ጋኒም መስጊድ የሚሄድበትን የቆዳ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። ሰብሪያ አየችው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስለ እናቱ፣ ስለ ደረቀው ቦይ፣ ሩዝ መዝራት ስለ መተዋቸው አወራት። በሦስተኛው ወሬው አጠረ። በአራተኛው ማነከስ ጀመረ።

«ከርበላ ስንቴ ሄደሃል በእግርህ?» አለችው።

«አንድም ቀን።»

«ቤትህ መንገዱ ላይ ሆኖ?»

«ቤቴ መንገዱ ላይ ስለሆነ ነው። ተሳላሚ ሲመጣ እናስተናግዳለን፤ ተሳላሚው ሲያልቅ አርባው አልፏል። አባቴም ሳይሄድ ነው የሞተው።» ጥቂት ሄደና፣ «እንዲህ ያማል አላልኩም ነበር» አለ።

«ትናንት እያየኸኝ?»

«ማየት ሌላ ነው።»

ዳር አስቀመጠችው። ከጡቷ ሥር ካለው ኪስ መርፌና ጥቁር ክር አወጣች፤ መርፌውን በክብሪት አቃጠለች። ግዙፉ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ውኃ የቋጠረውን በአንድ ወገን ወግታ በሌላው አወጣች፤ ክሩን ውስጡ ተወችው፣ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲፈስ። የሚያልፉት ሰዎች አዩና አንዱ «ሐጂያ፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ!» አላት። «ሰልፍ ያዝ» አለችው።

ለጋኒም አንዱን ካልሲዋን ሰጠችው። ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጣ።

ምድጃዎቹ ጋ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሁሉም ሰው ድንኳን ውስጥ ተኝቷል፤ መንገዱ ላይ የቀሩት እነሱና ጥቂት እልኸኞች ናቸው። ጭሱ ዝቅ ብሎ መጣ። ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚይዝ ነው። ሰብሪያ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ቆማ አሳለች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

መንሺድ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

«ጭሱ ፊቴ ላይ ነው የሚመጣው» አለችው።

መንሺድ መንገድ የሚያሰላ ሰው ነው፤ ሰዓቱንና ኪሎ ሜትሩን ሲያስተያይ በስልኩ ውስጥ የሚሰማ ይመስላል።

«አሁን ነው የምታልፊው?»

«አሁን።»

«ጠዋት ስደውልልሽ ግን ያለፍሽ መስሎኝ ነበር።»

«ጠዋት በመኪና ነበር ያለፍኩት። ሳላውቅ። ተመልሼ ነው።»

ሰብሪያ እንዳይሰማባት የሚያቃጥላትን እግሯን ቀያየረች።

«በስተቀኝ ሦስተኛው ምድጃ አጠገብ የውሃ ቧንቧ አለ» አለ መንሺድ በመጨረሻ። «ሠራተኞቹን ጠይቂ፤ ይሰጡሻል። ራስሽ ላይ አፍስሺ። አትጠጪው፣ ጨው አለው።»

«እሺ።»

«ሰብሪያ።»

በስሟ ከጠራት ዓመታት አልፈዋል።

«አቤት?»

«በዚህ ሰዓት አይሄድም። እስከ አሥር ሰዓት ተኚ።»

«አንተም ተኛ» አለችው።

ቧንቧው ነበር። ጋኒም ራሱን ከነልብሱ ከሥሩ አደረገ። ሠራተኞቹ ጥላ ውስጥ ካርቶን ዘርግተውላቸው እስከ አሥር ሰዓት ተኙ። ቡሽራን ያገኟት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያወረዳቸውን ቦታ አልፈው፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እግሯ አሁንም በሳፋ ውስጥ ነው። ሰብሪያን አየች፤ ከኋላዋ የሚያነክሰውን ጋኒምን አየች።

«አንድ ሄደሽ ሁለት አንካሳ ሆናችሁ መጣችሁ?» አለች። ከዚያ ተነሥታ ለሰብሪያ ሳፋውን ለቀቀችላት።

ሰብሪያ ከርበላ የገባችው ከአርባው ማግስት ነው፤ ሕዝቡ እየወጣ እሷ እየገባች። የአውራ ጣቷ ጥፍር በኢማም ሑሴን ደጃፍ ላይ ወለቀ። በቀጣዩ ዓመት ጋኒም ቤት ያደሩ እንግዶች ሁሉ እጃቸው ላይ ቁራጭ ካርቶን በክር ይታሰርላቸው ነበር፤ ከየት እንደ ተነሡ በእናቱ እጅ ተጽፎበታል።